ትንሿ ባቡርና የሚዘንበው ፊደል



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ትንንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ነው። አንደኛው በጥቁር ስክሪን ላይ ባቡር ያሳልፋል፤ ሁለተኛው ፊደል ያዘንባል። ደመወዝ አያሰሉም፣ ደብዳቤ አይጽፉም፣ የሱቅ ሒሳብ አይዙም። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ያሳያሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው መሰብሰብ ምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ የፕሮግራም ሥራ መማር ለሚፈልግ የድሬዳዋ ወጣት ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ የመጀመሪያ መጽሐፍ አላውቅም። የተጻፉበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ አንብቦ፣ ለውጦ፣ ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል። ፊደላችን እዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ በወጉ እንዲታይ ደግሞ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል፤ የሚቀረውንም ሥራ ከእኛ በላይ የሚቆረቆርለት የለም።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ተርሚናል የሚባለውን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ሥዕልና አዝራር የሌለበት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት፣ መልስም በጽሑፍ የሚመጣበት መስኮት ነው። ቀድሞ ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር፤ ኪቦርድና ስክሪን ብቻ ያለው፣ በሽቦ ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ። በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪቲ100 የተሰኘውን ተርሚናል አወጣ። ስክሪኑ 80 ዓምድና 24 መስመር ነበረው። የዛሬዎቹ የተርሚናል መስኮቶች አብዛኞቹ ሲከፈቱ ይህንኑ መጠን ይዘው ነው የሚከፈቱት። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፊደል ይይዛል፤ 80 በ24 ሲባዛ 1,920 ሳጥን። ባቡሩም ዝናቡም የሚሠሩት በእነዚህ ሳጥኖች ብቻ ነው።

ዝናቡ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ በሚነሣ ስክሪን ሴቨር መልክም ይሠራል፤ ስክሪን ሴቨር የመጣው ደግሞ ከእውነተኛ ችግር ነው። የድሮው ስክሪን ውስጡ በፎስፈር የተቀባ የመስታወት ቱቦ ነበር። አንድ ጽሑፍ ለብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየበት ፎስፈሩ ይጎዳና ጽሑፉ ከጠፋ በኋላም ጥላው ይቀራል። ጆን ሶቻ የተባለ ፕሮግራመር በ1983 ኪቦርዱ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑን የሚያጠፋ አጭር ፕሮግራም በመጽሔት ላይ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ስክሪኑን ከማጥፋት ይልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር አሳዩበት። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያሉት ጠፍጣፋ ስክሪኖች ይህ ጥበቃ አያስፈልጋቸውም፤ መብራት ለመቆጠብም ስክሪኑን ማጥፋት ይሻላል። ስለዚህ ልጆች፣ ዝናቡን ስክሪን ያድናል ብላችሁ አትጫኑት። ኮዱን ልታነቡ ጫኑት።

ከባቡሩ ልጀምር። ያለንበት የባቡር ጣቢያው ሠፈር ከዚራ ነውና ሌላ መጀመሪያ አይኖረኝም።

ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተርሚናል ላይ በቀን ደጋግሞ የሚጻፍ ኤልኤስ የሚባል ባለ ሁለት ፊደል ትእዛዝ አለ፤ እዚህ ያሉትን ፋይሎች ዘርዝርልኝ ማለት ነው። ጣት ሲቸኩል ፊደላቱ ይገለበጡና ኤስኤል ይሆናሉ። ቶዮዳ ማሳሺ የተባለ ጃፓናዊ በ1993 ለዚህ ስህተት ፕሮግራም ጻፈለት። የእንፋሎት ባቡር በጃፓን በእነዚሁ ሁለት ፊደላት አጥሮ ይጠራል። ተሳስቶ የጻፈ ሰው ስክሪኑ ጸድቶ ከቀኝ በኩል ጭሱን እየለቀቀ ባቡር ይመጣበታል። ፕሮግራሙ የማቋረጫውን ቁልፍ እንዳይሰማ ተደርጎ ስለተጻፈ ባቡሩ እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ነው።

እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ባቡሩ በሰረዝ፣ በቅንፍ፣ በእኩል ምልክትና በፊደላት የተሳለ ነው። ቁመቱ 10 መስመር፣ ርዝመቱ 83 ዓምድ ነው። ፕሮግራሙ ባቡሩን በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ ይስለዋል፤ 40 ሺህ ማይክሮሰኮንድ ይጠብቃል፤ አንድ ዓምድ ወደ ግራ አስጠግቶ እንደገና ይስለዋል። በሰኮንድ 25 ሥዕል ማለት ነው፤ ሲኒማም ከዚህ ብዙም አይርቅም። መንኮራኩሩ ስድስት የተለያዩ ሥዕሎች አሉት፤ በየተራ ሲመጡ ዓይን የሚዞር ጎማ ያያል። 80 ዓምድ ባለው ስክሪን ላይ ባቡሩ ከጭራው ጋር ጨርሶ እስኪወጣ 163 ገደማ እርምጃ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ስድስት ሰኮንድ ተኩል አካባቢ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ባቡሩ ከስክሪኑ ይረዝማል። ስለዚህ ምንጊዜም ቢሆን ከፊሉ ከጠርዙ ውጭ ነው። ውጭ የቀረውን ክፍል ፕሮግራሙ እንዲዘለው ካልተነገረው ሥዕሉ ይበላሻል። ቶዮዳ ለዚህ ብቻ አንድ አጭር ፈንክሽን ጽፏል፦ የጽሑፉ መጀመሪያ ከግራ ጠርዝ ካለፈ፣ ያለፉትን ፊደላት አንድ በአንድ ዝለል። ክፍል ውስጥ ሉፕ ምንድን ነው፣ ኮንዲሽን ምንድን ነው እየተባለ በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ትምህርት እዚህ ሥራ ላይ ውሎ ይታያል። ሉፑን ብታበላሹት ባቡሩ ይቆማል። የመጠበቂያውን ጊዜ በግማሽ ብትቀንሱት በእጥፍ ይፈጥናል። ተማሪው ያደረገውን ለውጥ ወዲያው በዓይኑ ያያል፤ ይህን የሚያህል አስተማሪ የለም። ኮዱ ሁሉ ጥቂት መቶ መስመር ነው፤ በወረቀት ታትሞ በአንድ ቅዳሜ ይነበባል።

የተሳለው ባቡር የጃፓኑ ዲ51 ነው። ከ1936 ጀምሮ ለጃፓን ምድር ባቡር ከ1,100 በላይ ተሠርቷል። ዲ51 የሚሄድበት የጃፓን ሐዲድ ስፋቱ 1,067 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ከተማ ያለፈው የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ግን ልክ አንድ ሜትር ነበር። ዲ51 ከዚራ ቢመጣ በ67 ሚሊሜትር ልዩነት ሐዲዳችን ላይ አይቆምም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ከዚህ ይወጣል፦ የራሳችንን ባቡር መሳል። ጣቢያው ውስጥ የቆሙትን አሮጌ ሎኮሞቲቮች ልጆች ፎቶ አንስተው፣ በአሥር መስመር ጽሑፍ ሥለው፣ የቶዮዳን ሥዕል አውጥተው የእነሱን ማስገባት ይችላሉ። የተቀረው ኮድ እንዳለ ይሠራል።

ይህን የምለው ባቡር ለድሬ ጌጥ ስለሆነ አይደለም። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1902 እዚህ ሲደርስ መሥመሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት በቆላው ስለቀጠለ፣ ይህ ሜዳ ከተማ ሆነ። አዲስ ሐረር ተባለ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ያለው ከዚራ ከጣቢያው ተነሥቶ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተቀየሰ፤ መጋላ የተባለው ሠፈር በማዶ አደገ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ፣ የመሥመሩ ዋና ጋራዥ እዚሁ ነበር። የሚሰበረው ሎኮሞቲቭ ወደዚህ ይመጣል፤ ይፈታል፤ የተበላው ብረት ተለክቶ ቶርኖ ላይ ይቀረጻል። እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣችሁ አባቶች የሥራውን ቋንቋ ፈረንሳይኛውንም ሙያውንም በአንድ ላይ የተማራችሁት ማሽኑን ፈታችሁ ነው። ማሽኑ ባይፈታ ኖሮ፣ ሳጥኑ ታሽጎ ሲበላሽ ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ ቢሆን ኖሮ፣ ድሬ የሙያ ከተማ አትሆንም ነበር። ባቡር ሲመጣና ሲሄድ የምታይ መንደር ሆና ትቀር ነበር።

ሶፍትዌር ላይም ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ታሽጎ የሚመጣ አለ፤ ተከፍቶ የሚመጣ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ በኤምአይቲ ላቦራቶሪ ይሠራበት የነበረው ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ሊያስተካክለው ፈለገ፤ ኮዱን ግን ከለከሉት። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ነፃ የሶፍትዌር ሥራ አወጀ፤ በ1989 ጂፒኤል የተሰኘው ፈቃድ ወጣ። የፈቃዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ፕሮግራሙን ተጠቀም፣ ኮዱን አንብብ፣ ለውጥ፣ አካፍል፤ የለወጥከውን ስታካፍል ግን አንተም ኮዱን ክፍት አድርገህ ስጥ። የቶዮዳ ባቡር የራሱ አጭር ፈቃድ አለው። ምንም አድርጉበት፣ ቀይሩት፣ አሻሽሉት፤ እኔ ጻፍኩት ብላችሁ ብቻ አትዋሹ ይላል። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ፈቃድ አላጋጠመኝም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። በመጋቢት 1999 ማትሪክስ የተባለው ፊልም ወጣ። አረንጓዴ ፊደላት በጥቁር ስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ የሚያሳየውን ሥዕል ፊልሙን ያላየም ሰው ያውቀዋል። ንድፉን የሠራው ሳይመን ዋይትሊ ፊደላቱን ከባለቤቱ የጃፓን ምግብ መጻሕፍት እንደወሰዳቸው ተናግሯል። ቤቱ ውስጥ የነበረው የጃፓን ጽሑፍ ስለሆነ ዓለም የጃፓን ፊደል ሲዘንብ አየ። በዚያው ጊዜ ክሪስ አሌግሬታ፣ ናኖ የተባለውንም የጽሑፍ ማረሚያ የጻፈው ሰው፣ ይህን ዝናብ በተርሚናል ላይ የሚያሳይ ሲማትሪክስ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። በጂፒኤል ፈቃድ ክፍት ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌሎች ተረክበውት እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሠራሩን ላስረዳ። እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ይኖራል። የሚወርደው የፊደል ሰልፍ ርዝመት በዕጣ ይወሰናል፤ ከሰልፉ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቦታም እንዲሁ። ሰልፉን የሚመራው ፊደል ነጭ ሲሆን የሚከተሉት አረንጓዴ ናቸው። የቁጥር ቁልፎችን በመጫን ፍጥነቱ ይቀየራል። በስክሪን ሴቨር መልክ ከተነሣ ማንኛውም ቁልፍ ሲነካ ይዘጋል። በመሐል ስክሪን ላይ የፈለጋችሁትን መልእክት የሚያስቀምጥ አማራጭም አለው። አንድ ልብ የሚባል ነገር ደግሞ አለ፦ ፕሮግራሙ ዓምዶቹን የሚቆጥረው ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው። 80 ዓምድ ባለው ስክሪን ላይ 40 የዝናብ መሥመር ብቻ ይወርዳል፤ በየመሐሉ ባዶ ዓምድ አለ። ይህን ያዙልኝ፤ ፊደላችን ሲመጣ ያስፈልገናል።

የጃፓኑን ፊደል የሚያሳየው ክፍል በሁለት ቁጥሮች የተወሰነ ነው፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር ድረስ ካለው ውስጥ በዕጣ ምረጥ ይላል። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ከቀየርን የምንቀይረው ፊደሉን ነው። የእኛ ፊደል ቁጥር ያገኘው ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በመስከረም 1999፣ ለየፊደሉ ዓለም አቀፍ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ገቡ። ከዚያ በፊት ፊደላችን በኮምፒውተር አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖረው ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በተባለው ድርጅቱ በ1980ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ሠርቷል፤ በአገር ቤትም ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ዕድሜው የሚፈቅድለት ሁሉ ያንን ያስታውሳል። ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎች ለፊደሉ ዓለም አቀፍ ቁጥር እንዲሰጠው የደከሙት ድካም ዛሬ ስልካችን ላይ ያለምንም ሐሳብ አማርኛ እንድንጽፍ አድርጎናል፤ ይህን ድካማቸውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሊያውቀው ይገባል።

የፊደላችን ሠፈር ከ4608 ይጀምራል፤ እሱ ሀ ነው። እስከ 4991 ድረስ 384 ቦታ አለው። አሁን የምነግራችሁ ነገር እኔን በጣም ደስ ያሰኘኛል። ከዚራ ብለን እንጻፍ። ከ 4776 ነው፤ ዚ 4826 ነው፤ ራ 4651 ነው። እያንዳንዱን ለ8 አካፍሉና ቀሪውን ተመልከቱ። የከ ቀሪ ዜሮ ነው፤ ግዕዝ። የዚ ቀሪ ሁለት ነው፤ ሣልስ። የራ ቀሪ ሦስት ነው፤ ራብዕ። የኔታ በዜማ ያስቆጠሩን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ በቁጥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ፊደል በወረደ ቁጥር በቁጥሩ ላይ አንድ ቢጨምርበት፣ ከ ሲወርድ ኩ ይሆናል፣ ኪ ይሆናል፣ እስከ ኮ ድረስ እየተለወጠ ይዘንባል። በሌላ አገር ፊደል ይህን ማድረግ አይቻልም አልልም፤ በእኛ ፊደል ግን አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል። ለሕፃናት ፊደል ማስቆጠሪያ የሚሆን ነገር እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

ጥንቃቄም አለ። ከ384ቱ ቦታ ዛሬ የተሞላው 358ቱ ነው፤ 26ቱ ባዶ ናቸው። እንደ ቈ ያሉት ፊደላት የሚደረደሩበት ረድፍ ውስጥ ክፍተት አለ። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ በዕጣ ከመረጠ አልፎ አልፎ ባዶ ሳጥን ይዘንባል። ባዶዎቹን ለይቶ የሚዘል ዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል። ሌላው ጥንቃቄ ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት መለኪያ፣ ባይት፣ ነው። ላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ከዚራ በሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ነው። ባይትን እንደ ፊደል የሚቆጥር የድሮ ኮድ ፊደላችንን ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። ለባቡሩ የተጻፈው፣ ከጠርዝ ያለፈውን የሚዘለው ያ ፈንክሽን የሚዘለው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ባቡሩ ጎን ላይ ድሬዳዋ ብላችሁ ልትጽፉ ከፈለጋችሁ እሱን ማስተካከል አለባችሁ። የከበደው የቤት ሥራ ይኸው ነው።

ለዚህ ለሳጥን ሥርዓት ፊደላችን የተመቸ ነው። አናባቢው በፊደሉ አካል ውስጥ ስለሆነ ከላይ ወይም ከታች የሚለጠፍ ምልክት የለም፤ ጎረቤቱን አይቶ ቅርፁን አይለውጥም፤ ትልቅና ትንሽ የለውም። አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻውን ቢቆም ምሉዕ ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ተርሚናል ለፊደላችን አንድ ሳጥን ብቻ ይመድባል፤ ጬ እና ሟ ግን በላቲን ልክ በተሠራ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይጨናነቃሉ፤ ወይ ጎናቸው ይቆረጣል፣ ወይ ከጎረቤታቸው ይጋጫሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ባዶ ዓምድ እዚህ ይጠቅመናል፤ በሲማትሪክስ ዝናብ ውስጥ ፊደሉ ጎኑን ወደ ባዶው ዓምድ ማሳረፍ ይችላል። ለተከታታይ ጽሑፍ ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ ለተርሚናል ተብሎ የተሠራ፣ ስፋቱ እኩል የሆነ የፊደል ፎንት ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ ውስጥ እጃቸው ለጽሕፈት የተገራ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከፕሮግራመሮቹ ጋር ቢቀመጡ መልካም ነው።

ከባዶ አንነሣም። መስኮት የሌለው ተራው የሊኑክስ ኮንሶል ቢበዛ 512 ቅርፅ ያለው ፎንት ይቀበላል። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ለዚህ ኮንሶል ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ የኢትዮጵያ ፎንቶች ይዞ ይመጣል። ፊደላችንና ላቲኑ በ512 ውስጥ ተጣብበው አብረው ያድራሉ። የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ከ256 በላይ ቅርፅ ሲጫን ኮንሶሉ የቀለሞቹን ግማሽ፣ ደማቆቹን፣ ያጣል፤ የዝናቡ መሪ ፊደል እንደ ልማዱ አያበራም። እኔ ያንን ብርሃን ለፊደሉ ብዬ በደስታ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለድሬ ብቻ የሚነሣ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ከተማ የሚንሸራተት ጽሑፍ የሚያሳይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አማርኛ ብቻ ይዞ አይወጣም። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበቡ ጽሑፉ እንደ ባቡሩ ከቀኝ ወደ ግራ መንሸራተት አለበት፤ አንባቢው የመጀመሪያውን ፊደል መጀመሪያ እንዲያገኝ። ዓረብኛ በተቃራኒው ነው፤ ፊደላቱም ይያያዛሉ። አንዱን በትክክል የሚያሳልፍ ኮድ ሌላውን ይገለብጠዋል። አራቱንም በአንድ ስክሪን ላይ በወጉ የሚያሳልፍ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ከድሬ ቢወጣ ሌላው ዓለምም ይጠቀምበታል፤ ከመጋላ ገበያ እስከ ከዚራ ጣቢያ አራቱንም ሲሰማ ያደገ ልጅ ችግሩን አስረዱኝ አይልም።

ሥራውን እንዴት እንደምትጀምሩ ነግሬያችሁ ልጨርስ። አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሊኑክስ የሚያነሣ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ኮዱ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔትም አይፈልግም። መጀመሪያ ባቡሩን አንብቡ፤ ቀጥሎ የመጠበቂያ ጊዜውን ቀይሩ፤ ቀጥሎ ሥዕሉን። ወደ ዝናቡ ከዚያ በኋላ ግቡ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ቀይሩ፣ ባዶዎቹን ቦታዎች ዝለሉ። የሠራችሁት ሲሳካ ስማችሁን ጽፋችሁ፣ የጻፉትን ሰዎች ስም ሳትነኩ፣ ለውጡን ፕሮግራሙን ለሚይዙት ሰዎች ላኩት፤ ካልተቀበሉት በራሳችሁ ስም ክፍት አድርጋችሁ አኑሩት፤ ፈቃዱ ይህን ይሰጣችኋል። የባቡሩ ኮድ ታትሞ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ለሁለት ለሁለት እየሆናችሁ ውሰዱ። አባቶቻችን፣ የሎኮሞቲቩን ጎን በትክክል ለመሳል መንኮራኩሩ ከመሽከርከሪያው ክንድ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ከእናንተ የሚጠይቁ ልጆች አሉና እባካችሁ ጥቂት ቆዩላቸው። ጥያቄ ያለው አሁን እጁን ያውጣ።